የ30 ዶላሩ የኢንተርኔት ቅናሽ የት ገባ? አሁንስ ምን ቀረልን?

ጥያቄ፦ “የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ቤዝመንት ተከራይተናል። ከ2022 ጀምሮ ለቤት ኢንተርኔት በወር 30 ዶላር ይቀነስልን ነበር። በ2024 ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቢሉ እየጨመረ 78 ዶላር ገብቷል። ልጆቹ ሜዲኬድ (ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) አላቸው፣ ትምህርት ቤትም ምሳ በነጻ ይበላሉ። ቅናሹ ይመለሳል ወይ? ካልተመለሰስ ምን እናድርግ? ደግሞ አንድ ነገር አይገባኝም። አገር ቤት ቴሌ ዋጋ ቀነስኩ ሲል ለሁሉም ሰው ይቀንሳል። የአሜሪካ መንግሥት እንደዚያ ማድረግ እንዴት ያቅተዋል?”

መልስ፦ እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርዎት። ያንን ቅናሽ አይጠብቁት። ሌላ በር ግን አለ፤ ለእርስዎ ቤተሰብ እንዲያውም ከአንድ በላይ። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ለምን እንደቀረ ባጭሩ ላስረዳዎት፣ ምክንያቱም የመጨረሻው ጥያቄዎ መልስ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ቅናሹ ኤሲፒ ይባል ነበር። መነሻው ኮቪድ ነው። ትምህርቱም፣ ሥራውም፣ የሐኪም ቀጠሮውም ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ኮንግረስ በ2020 መጨረሻ 3.2 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ከሜይ 2021 ጀምሮ በወር እስከ 50 ዶላር መቀነስ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ትልቁ የመሠረተ ልማት ሕግ ሲወጣ 14.2 ቢሊዮን ተጨመረበትና ስሙ ኤሲፒ ሆነ። ቅናሹም ወደ 30 ዶላር ወረደ፤ በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ለሚኖሩ ብቻ 75 ነበር።

ገንዘቡ በእርስዎ እጅ አያልፍም ነበር። ኩባንያው ከቢልዎ ላይ 30 ዶላር ይቀንሳል፤ መንግሥት ለኩባንያው ይተካል። ዋጋው ግን አልተነካም። 55 ዶላር የነበረው አገልግሎት ያኔም 55 ነው። 30ውን ሌላ ከፋይ ይከፍልልዎት ነበር ማለት ነው። ከፋዩ ሲሄድ 55ቱ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል። እኔ የኤሲፒ ትልቁ ድክመት ይሄ ነው ባይ ነኝ። ጥቅሙ ትልቅ ነበር፣ አልክድም። ነገር ግን የቀነሰው ቢልን እንጂ ዋጋን አይደለም።

ሁለተኛው ነገር፣ 14.2 ቢሊዮኑ የአንድ ጊዜ ገንዘብ ነው። በየዓመቱ የሚታደስ በጀት የለውም። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። መጨረሻ ላይ የተመዘገበው ቤተሰብ ከ23 ሚሊዮን በላይ ነበር። 23 ሚሊዮን በ30 ዶላር ሲባዛ በወር 690 ሚሊዮን ነው። በዓመት ከ8 ቢሊዮን ይበልጣል። ስለዚህ ብዙ ሰው በተመዘገበ ቁጥር ማለቂያው ይቀርባል። ፕሮግራሙን የገደለው ስኬቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጃንዋሪ 2024 ላይ ሌላ 7 ቢሊዮን ዶላር ይጨመርለት የሚል ረቂቅ ሕግ ቀረበ። ከሁለቱም ፓርቲዎች ደጋፊ ነበረው። ያኔ የኦሃዮ ሴናተር የነበረው ጄዲ ቫንስ ሳይቀር ፈርሞበታል። ግን ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። የኮሙኒኬሽን ዘርፉን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ኤፍሲሲ፣ ፌብሩዋሪ 7 ላይ አዲስ ምዝገባ ዘጋ። ሙሉው ቅናሽ የተከፈለበት የመጨረሻው ወር ኤፕሪል ነው። በሜይ ደግሞ የቀረችው ሳንቲም ተጠራርጋ እስከ 14 ዶላር ተሰጠ። ጁን 1 ላይ አበቃ።

ከዚያ ምን ሆነ? በስፔክትረም ስም የምናውቀው ቻርተር በ2024 ሁለተኛ ሩብ ዓመት ብቻ 149 ሺህ የኢንተርኔት ደንበኛ ቀነሰ። ኩባንያው ራሱ ከምክንያቶቹ አንዱ የኤሲፒ መቋረጥ ነው ብሏል። ፕሮግራሙ ከመዘጋቱ በፊት ኤፍሲሲ ተጠቃሚዎችን ጠይቆ ነበር። ከኤሲፒ በፊት ኢንተርኔት የሌላቸው ወይም የሚቆራረጥባቸው ነበሩ ያሉት 68 በመቶ ናቸው። ስለዚህ “ድሮም ይከፍል ለነበረ ሰው ነው የተሰጠው” የሚለውን ወሬ ብዙም አልቀበልም። እርግጥ ድሮም የሚከፍል ነበረበት። ብዙው ግን እንደዚያ አልነበረም።

አሁን ወደ ቴሌ እንምጣ። እውነት ነው፣ ኦገስት 2018 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔትን 43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን 40 በመቶ ቀነስኩ ሲል ቅናሹ ለሁሉም ደንበኛ ደረሰ። ይህን ማድረግ የቻለው አንድ ኩባንያ ስለነበረና ባለቤቱም መንግሥት ስለሆነ ነው። ሳፋሪኮም ገበያው ውስጥ የገባው በ2022 ነው። ባለቤቱ መንግሥት ሲሆን ዋጋ የሚወሰነው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ግን ያው ጠረጴዛ መልሶ መጨመርም ይችላል። ብር በጁላይ 2024 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ሴፕቴምበር ላይ ታሪፍ ከፍ አለ። ስለዚህ የቴሌ መንገድ ፈጣን ነው እንጂ ዋስትና ያለው አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ኢንተርኔት የሚሸጠው በአብዛኛው የግል ኩባንያ ነው። ኤፍሲሲ የኢንተርኔት ዋጋ አይተምንም። ኮንግረስም ይተምን አይልም። ስለዚህ ፌዴራል መንግሥቱ በእጁ የቀረው መሣሪያ ገንዘብ ነው። ወይ ለደንበኛው ይደጉማል፣ ወይ መስመር ለሚዘረጋ ኩባንያ ይሰጣል። ለመስመር ዝርጋታ የተመደበው 42.45 ቢሊዮን ዶላር ነው። ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ለእርስዎ ግን ምንም አያደርግልዎትም። እሱ የታሰበው ኬብል ላልደረሰበት ገጠር ነው። የእርስዎ ችግር መስመሩ ደጅዎ ደርሶ መክፈል ማቃቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ገንዘቡን የሚወስድ ኩባንያ ለድሃ ቤተሰብ ርካሽ ፓኬጅ ያቅርብ፣ ዋጋውንም ስቴቱ ይመልከተው የሚል ሐሳብ ነበር። በጁን 2025 የወጣው መመሪያ ስቴቶች ያንን ዋጋ እንዳይወስኑ ከለከለ። ሰው ኢንተርኔት እንዲጠቀም ለማስተማር የተመደበው 2.75 ቢሊዮንም ከአንድ ወር በፊት፣ በሜይ፣ ተሰርዟል።

በተለየ መንገድ የሄደችው ኒውዮርክ ናት። በ2021 ሕግ አወጣች። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ፍጥነቱ ቢያንስ 25 ሜጋቢት የሆነ ኢንተርኔት ከ15 ዶላር በላይ፣ 200 ሜጋቢቱ ደግሞ ከ20 ዶላር በላይ እንዳይሸጥ የሚል ነው። ታክሱም የሞደም ኪራዩም በዚያው ውስጥ ነው። ኩባንያዎቹ ከሰሱ። ሕጉ ሦስት ዓመት ታግዶ ቆየ። በ2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለኒውዮርክ ፈረደ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አላይም አለ። ጃንዋሪ 15፣ 2025 ሥራ ላይ ዋለ። ኤቲኤንድቲ በዚህ የተነሳ በ5ጂ የሚሰጠውን የቤት ኢንተርኔት ከኒውዮርክ አወጣ። ሌሎቹ ግን ሕጉ ወጣ ብለው አልሄዱም። መንግሥት አንድ ሳንቲም አልከፈለም፤ ስለዚህ የሚያልቅ ገንዘብም የለም። ብሮንክስ ያለ ዘመድ ካለዎት ይህን ይንገሩት፤ ብዙ ሰው አልሰማም። ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) ወይም ሜዲኬድ ያለው ቤተሰብ፣ ልጁ ትምህርት ቤት በነጻ የሚበላ ቤተሰብ ይገባል። ሕጉ የሚሠራው ግን ለኒውዮርክ ብቻ ነው። ሜሪላንድ ላለ ሰው አይጠቅምም።

ስለዚህ እርስዎ ምን ያድርጉ?

መጀመሪያ ላይፍላይን የሚባለውን ይሞክሩ። ከ1985 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ድጎማ ነው። ያኔ ለስልክ ብቻ ነበር፤ ከ2016 ወዲህ ለኢንተርኔትም ሆነ። የሚቀንሰው በወር እስከ 9.25 ዶላር ነው። ትንሽ ናት፣ አውቃለሁ። ጥቅሟ አለማለቋ ነው። ገንዘቧ ከኮንግረስ በጀት አይመጣም፤ ሁላችንም የስልክ ቢላችን ላይ “ዩኒቨርሳል ሰርቪስ” ተብላ ከምትቆረጥ ክፍያ ነው የምትመጣው። ጁን 2025 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ አሠራር ሕጋዊ ነው ብሎ 6 ለ3 ወስኗል።

ኤሲፒንም እዚያው ውስጥ ቢያስገቡት ኖሮ የሚል ሰው ብዙ ነው። ችግሩ ክፍያው የሚሰበሰበው ከስቴት ስቴትና ወደ ውጭ አገር ከሚደረግ የስልክ ጥሪ ገቢ ላይ መሆኑ ነው። ያ ገቢ ደግሞ እየመነመነ ነው። እኛም ድርሻ አለን፤ ድሮ አዲስ አበባ ለመደወል ካርድ እየፋቅን ነበር፣ አሁን በቫይበርና በቴሌግራም በነጻ እናወራለን። ገቢው ሲቀንስ የሚቆረጠው መቶኛ ይጨምራል። አሁን ከ30 በመቶ በላይ ደርሷል። በዚያ ላይ ሌላ 8 ቢሊዮን መጫን ከባድ ነው። መፍትሔው መቁረጫውን ወደ ኢንተርኔት ገቢ ማስፋት ነው የሚሉ አሉ፣ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ክርክሩ ግን ቶሎ የሚያልቅ አይመስለኝም።

አሁን የእርስዎን ቤት ልይ። ለላይፍላይን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ሜዲኬድ፣ ፉድ ስታምፕ ወይም ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ድጎማ) ካለው ይበቃል። ልጅም ቢሆን ይቆጠራል። ነገር ግን የልጆቹ ካርድ በእርግጥ ሜዲኬድ መሆኑን ያረጋግጡ። ቺፕ የሚባለው የልጆች የጤና መድን አለ፤ በመልክ ይመሳሰላሉ፣ ለላይፍላይን ግን አያገለግልም። የትምህርት ቤት ምሳም ለኤሲፒ ይሠራ ነበር እንጂ ለላይፍላይን አይሠራም። ብዙ ሰው “ያኔ በዚህ ተቀብለውኝ አሁን ለምን?” የሚለው ለዚህ ነው። በገቢም መግባት ይቻላል። በ2025 መለኪያ ለአራት ሰው ቤተሰብ በዓመት ወደ 43 ሺህ 400 ዶላር ገደማ ነው።

ቤዝመንት መከራየትዎ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ላይፍላይን ለአንድ ቤተሰብ አንድ ብቻ ነው። አከራይዎ ወይም ላይ ቤት ያለው ሌላ ተከራይ ቀድሞ ካወጣ፣ ኮምፒውተሩ አድራሻውን አይቶ “እዚህ ቤት ተሰጥቷል” ይላል። እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው ሰው ብዛት ያሳዝናል። ሕጉ ቤተሰብ የሚለው አብረው ኖረው ገቢና ወጪ የሚጋሩትን ነው። እናንተ ከላይ ካሉት ጋር ገቢና ወጪ ካልተጋራችሁ በአንድ አድራሻ ሁለት ቤተሰብ ናችሁ። ይህን የምትገልጹበት የተለየ የቤተሰብ መጠይቅ ቅጽ አለ። ቅጹን ሞልቶ ማስገባት ነው። 

ሌላው የኛ ሰው ራስ ምታት ስም ነው። ማመልከቻው የሚያልፈው ናሽናል ቬሪፋየር በሚባል ማጣሪያ ነው፤ ስምን፣ የልደት ቀንንና የሶሻል ሴኩሪቲን የመጨረሻ አራት ቁጥር ከመንግሥት መዝገብ ጋር ያመሳክራል። አሁን አንድ ሰው ያስቡ፤ የአያቱ ስም ወልደማርያም ነው። አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ሆኖ ተጽፏል። ሌላው ላይ ለሁለት ተከፍሎ “ወልደ” መካከለኛ ስም፣ “ማርያም” የቤተሰብ ስም ሆኗል። ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የልደት ቀንም እንዲሁ፤ አንዱ ወረቀት ላይ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈው ሳይቀየር ገብቷል። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ ስምዎን የሚጽፉት እርስዎ በሚወዱት መንገድ ሳይሆን ልክ በሶሻል ካርድዎ ላይ እንዳለው ይሁን። ክፍተቱም ሳይቀር። ካልተቀበለ ደግሞ አለቀ ማለት አይደለም፤ የመታወቂያና የሜዲኬድ ደብዳቤ ፎቶ አንስተው ይላኩ፣ ሰው ያየዋል።

ይህን የማነሳው ያለምክንያት አይደለም። ለኤሲፒ ብቁ ከነበረው ሕዝብ የተመዘገበው ከግማሽ በታች ነው። ገንዘብ መመደብ አንድ ነገር ነው። ቅጹን ማለፍ ሌላ። እናቶቻችን “በነጻ የሚሰጥ ነገር የለም፣ ሌባ ነው” ብለው ስለ ቅናሹ በሚደውልላቸው ሰው ጆሮ ላይ ስልኩን ይዘጉ ነበር። አልፈርድባቸውም። በየግሮሰሪው በር ድንኳን ዘርግቶ “ነጻ ታብሌት” እያለ የሚያስፈርም ሻጭ ሞልቶ ነበር። ታብሌቱን የወሰዱት ሳያውቁት የቤቱን አንድ ቅናሽ ለስልክ መስመር ሰጥተው፣ የቤት ኢንተርኔቱን በሙሉ ዋጋ ከፈሉ። ላይፍላይንም ላይ ይኸው ይደርሳል። አንዴ ለስልክ ካዋሉት ለቤት የለም። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት “ይሄ ለስልክ ነው ለቤት?” ብለው ይጠይቁ። ሦስት ነገር ደግሞ ያስታውሱ፦ ብዙ የቤት ኢንተርኔት ኩባንያ ላይፍላይን አይቀበልምና አስቀድመው ይጠይቁ፤ ነጻ የስልክ መስመር ከወሰዱ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ይጠቀሙበት፤ በዓመት አንዴ የሚመጣውን የማደሻ ደብዳቤ አይጣሉ።

ለእርስዎ ቤት ትልቁ ገንዘብ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ በኩባንያዎቹ የራሳቸው ርካሽ ፓኬጅ ውስጥ። ኮምካስት ከ2011 ጀምሮ ኢንተርኔት ኢሴንሻልስ የሚባል አለው። ዋጋው መጀመሪያ 9.95 ነበር፣ አሁን ወደ 15 ዶላር ነው። ፈጠን የሚለው ደግሞ 30 ገደማ። ቬራይዘንም ፋዮስ ለሚባለው የቤት ኢንተርኔቱ ቬራይዘን ፎርዋርድ የሚል ቅናሽ አለው። ኮክስ ባለበት ሰፈርም ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ላለው ቤተሰብ የተለየ ፓኬጅ አለ። የትምህርት ቤት ምሳ ኮምካስትና ኮክስ ጋ ይሠራል። ማለትም ለላይፍላይን የማይረባዎት ደብዳቤ እዚህ በር ይከፍታል።

ደውለው “ርካሽ ነገር አላችሁ?” ካሉ ማስታወቂያ ያለውን ፓኬጅ ነው የሚነግሩዎት። ለሦስት ወር ወይም ለዓመት ብቻ የሚቀንስ፣ ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣ። የእርስዎ 78 ዶላርም የመጣው እንደዚህ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ፓኬጁን በስሙ ይጥሩት፣ “ለዝቅተኛ ገቢ የተዘጋጀው” ይበሉ። አንዳንዱ ኩባንያ ላለፉት 90 ቀናት ደንበኛ ያልነበረ ይላል፣ ወይም ከዓመት ወዲህ ያልተከፈለ ዕዳ ካለ አይቀበልም። እንዲህ ካሉዎት ከተቻለ በዚያው ሰፈር ወደሚሸጠው ሌላ ኩባንያ ይዙሩ። ልሄድ ነው ሲሏቸውም ብዙ ጊዜ ደንበኛ ወደሚያስቀሩት ክፍል ያስተላልፉዎታል፤ ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን ያለው እዚያ ነው።

የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ገና ያላለቀና የመንግሥት እርዳታ መውሰድ ይጎዳኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ የኩባንያዎቹ ፓኬጅ የመንግሥት ገንዘብ አይደለም። ላይፍላይንን በተመለከተ ግን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደጅ የሰሙትን ይዘው አይወስኑ፣ ጠበቃ ይጠይቁ።

ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ ሌብል ያሳዩኝ ይበሉ። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ትልልቆቹ ኩባንያዎች፣ ከዚያው ዓመት ኦክቶበር ጀምሮ ትንንሾቹም፣ ዋጋውን በአንድ ሠንጠረዥ ዘርዝረው የማሳየት ግዴታ አለባቸው። የምግብ ፓኬት ጀርባ ላይ ያለውን ይመስላል። ሦስት መስመር ብቻ ያንብቡ። የመጀመሪያው ወርሃዊ ዋጋው ነው፣ አጠገቡም ቅናሹ የሚያበቃበት ጊዜ ካለ ተጽፏል። ሁለተኛው የመሣሪያ ኪራይ ነው። የሞደም ኪራይ በወር 15 ዶላር ድረስ ሊሄድ ይችላል፤ የራስዎን ገዝተው ማስገባት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፣ የርካሽ ፓኬጆቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞደሙን በውስጡ ይሰጣሉ። ሦስተኛው ፍጥነቱ ነው። ለሁለት ተማሪ ልጅና ለእናንተ 75 ወይም 100 ሜጋቢት ይበቃል፤ ሻጩ ጊጋ ካልወሰዳችሁ ቪዲዮ ይቆማል ቢልዎት አይመኑት። አሁን የሚከፍሉበትን የኩባንያዎን ሌብልም ከመደወልዎ በፊት ከድረ ገጹ ላይ አውጥተው ከቢልዎ ጎን ያስቀምጡት። 78ቱ ውስጥ ስንቱ ኢንተርኔት፣ ስንቱ ኪራይ እንደሆነ ያያሉ፤ ስልኩንም ይህን ይዘው ይደውሉ።